ከቼይን ወደ ፌርሚ ስትቀይር ዜሮው ከየት መጣ?

ሐዋሳ ቅየሳ የሚማር ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ መምህራችን የመሬት ቅየሳ መለኪያዎችን አቶም ውስጥ ላሉ ነገሮች ወደሚያገለግሉ መለኪያዎች የሚቀይር የኤክሴል ሠንጠረዥ ሥሩ ብሎናል። ቼይንን ወደ ፌርሚ ስቀይር ይሠራል። የፕሮቶንን ራዲየስ፣ 0.84 ፌርሚን፣ ወደ ቼይን ልቀይር ስል ግን 0.00 ይለኛል። ደግሞ ጓደኛዬ አንድ ቼይን 20.11684 ሜትር ነው ይላል፣ እኔ ጋ 20.1168 ነው። የተሳሳተው ማን ነው?»

ቼይን 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም የድሮ የቅየሳ መለኪያ ነው፣ ፌርሚ ደግሞ አቶም መሃል ላለው ኒውክለስ የሚያገለግል፣ 10⁻¹⁵ ሜትር የሆነ እጅግ ጥቃቅን መለኪያ። መምህርህ ቀልድ የሚወድ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ታቦር ተራራ ግርጌ ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን የቅየሳ መሣሪያ) ተክዬ ስውል በፌርሚ ለካልኝ ያለኝ ባለይዞታ እስካሁን አልገጠመኝም። ግን ሁለቱም ጥያቄዎችህ መስክ ላይ እኛንም የሚጥሉን ናቸው፣ ስለዚህ በደንብ እንያቸው።

ከዜሮው ልጀምር። ትክክለኛው መልስ 4.2 × 10⁻¹⁷ ቼይን ገደማ ነው። ከነጥቡ በኋላ 16 ዜሮ አለ ማለት ነው። ሳጥኑ ሁለት የአስርዮሽ ቦታ ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ 0.00 ማለቱ አይገርምም፣ ቁጥሩ ግን ከጀርባ እንዳለ ነው። ለማረጋገጥ ባዶ ሳጥን ውስጥ ያንኑ መልስ በ10¹⁷ አባዛው። 4.2 አካባቢ ከመጣ ጉዳዩ የማሳያ ብቻ ነው፣ የሳጥኑን ፎርማት ወደ ሳይንቲፊክ ቀይረውና ተገላገል። አሁንም ዜሮ ካለህ ግን ቀመርህ ውስጥ ራውንድ የሚባለውን ትእዛዝ አስገብተሃል ማለት ነው፣ እሱ እውነትም ቁጥሩን ይበላዋል። አውጣው። ማጠጋጋት ካስፈለገ መጨረሻ ላይ፣ ወረቀት ላይ ስታወጣው ይደረጋል እንጂ መሃል መንገድ ላይ አይነካም።

ሌላው፣ ከቼይን ወደ ፌርሚ በአንድ ዝላይ አትሂድ። ሁሉንም በሜትር በኩል አሳልፈው። ቼይን እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር በ1620 ያስተዋወቀው የብረት ሰንሰለት ነው፤ 66 ጫማ ይረዝማል፣ 100 ሊንክ (ቀለበት) አለው። በሜትር 20.1168 ይሆናል። አንድ ሜትር 10¹⁵ ፌርሚ ስለሆነ አንድ ቼይን 2.01168 × 10¹⁶ ፌርሚ፣ አንድ ሊንክ ደግሞ 2.01168 × 10¹⁴ ፌርሚ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ አንግስትሮምን ከፌርሚ ጋር ያምታታል። አንግስትሮም 10⁻¹⁰ ሜትር ነው፣ የሙሉው አቶም ልክ። ፌርሚ የኒውክለሱና የፕሮቶኑ ነው፣ ከአንግስትሮም 100,000 ጊዜ ያንሳል። አምስት ዜሮ ከጎደለህ ወይም ከተረፈህ እዚህ ጋ ፈልግ።

አሁን ወደ ጓደኛህ እንምጣ። አልተሳሳተም፣ አንተም አልተሳሳትክም። ጫማችሁ ነው የተለያየው። ዓለም አቀፉ ጫማ ከ1959 ጀምሮ ልክ 0.3048 ሜትር ነው። አሜሪካኖች ግን ለመሬት ቅየሳ ብቻ አሮጌውን ይዘው ቆዩ፣ እሱም 1200 ለ3937 ሲካፈል የሚገኘው፣ 0.3048006 ሜትር ገደማ የሚሆነው ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በይፋ ሲሠሩበት ኖረው ነው የተውት። የኛም አባቶች መሬት በቃላድ ሲለኩ ጭቅጭቁ ይኸው ነበር፤ ክንድ ስትል የማን ክንድ?

ልዩነቱ በአንድ ቼይን 0.04 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ። በፌርሚ ስታየው ግን 40 ቢሊዮን ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ከየትኛው ጫማ እንደተነሳ ሳያውቅ ፌርሚውን እስከ አስረኛ አሃዝ ቢደረድርልህ ደካማ ሥራ ነው።

ከፀጉር ቀጠነ ብለህ ደግሞ አትናቀው። አንድ ጊዜ በጫማ የተሠራ ፕላን ደረሰኝ፣ ማን እንደላከው ይቅርና። እኔም ቸኩዬ በአሜሪካው ጫማ ወደ ሜትር መለስኩት፣ ለካ የተሠራው በዓለም አቀፉ ኖሯል። ቅርጹ ልክ፣ ስፋቱ ልክ፣ ማዕዘኑ ልክ። መስክ ስወርድ ግን አጥሩ በሙሉ ወደ ሰሜን 1.5 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 90 ሳንቲ ገደማ ሄዶ ጎረቤት ግቢ ገብቷል! ሰውዬውማ ዱላ ሊያነሳብኝ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሐዋሳ ነጥቦች በዩቲኤም (የቦታን አቀማመጥ በሜትር፣ በሰሜንና በምሥራቅ ቁጥር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ሲጻፉ የሰሜን ቁጥራቸው ከምድር ወገብ ስለሚቆጠር 780,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሚሊዮን ሁለት የምትሆነው ጥቃቅን ስህተት በዚያ ርዝመት ላይ ስትጠራቀም ሜትር ተኩል ትሆናለች። ከዚያ ወዲህ በጫማ የመጣ ፋይል ሲደርሰኝ ቁጥሩን ከማየቴ በፊት የላከውን ሰው ደውዬ የትኛው ጫማ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

መምህሩ ከፈቀደልህ አንድ አምድ ጨምር፣ «ይህ ርዝመት በምን ተለካ» የሚል። የብረት ሜትር (ጥቅል መለኪያው) በ20 ዲግሪ ነው ልኩ የሚወጣለት። ቀትር ላይ ፀሐይ መትቶት 35 ዲግሪ ከገባ፣ በአንድ ቼይን ርዝመት ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ወደ ፌርሚ ቀይረው፣ 3.5 ትሪሊዮን። ፀሐይ ብቻዋን ይሄን ያህል ካንቀሳቀሰችው፣ መስክ ላይ በሜትር የለካኸውን ቼይን እስከ 16ኛው አሃዝ ጽፈህ ብትሰጠኝ እኔ ማርክ እቀንስብህ ነበር። አራት አምስት አሃዝ ጻፍ፣ የቀረውን ለ10 አርቢ ተወው። በትርጉም የተሰጠ ቁጥር ከሆነ ግን ሙሉውን 2.01168 ማስቀመጥ ትችላለህ።

ከጓደኛህ ጋር የማን ሠንጠረዥ በየትኛው ጫማ እንደሚሠራ ለመለየት ደግሞ 80 ቼይን አስገቡና ወደ ሜትር ቀይሩት። አንድ ማይል ነው። 1609.344 ካለ ዓለም አቀፉ ነው፣ 1609.347 ካለ የአሜሪካው። ሌላ ቁጥር ካመጣ ሁለታችሁም ቀመራችሁን ከላይ ጀምራችሁ ፈትሹት።