ከዴንጊ በኋላ አንድ እግሩ ብቻ አበጠ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምጽፍልዎት። የ19 ዓመት ልጄ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ አለበት፤ ጋምቤላ ስንኖር በሕፃንነቱ ነው የታወቀለት። ሰሞኑን ዴንጊ የሚባለው የትንኝ ቫይረስ ይዞት አምስት ቀን ተኛ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ አሁን ግን ግራ ባቱ አብጦ ያመዋል። የለመደበት ሕመም ነው ብዬ ወጌሻ ልጠራለት ነበር። አስፒሪንስ ብሰጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ ወጌሻውም ይቅር፣ አስፒሪኑም ይቅር። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።

የምፈራው የደም መርጋት ነው። የሲክል ሴል ሕመም ብዙ ጊዜ አጥንት ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ጀርባ፣ ክንድ፣ እግር እያለ። አንድ ባት ብቻ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲወጠር ግን ሌላ ነገር መጠርጠር አለብን። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ሁለቱን ባቶች ከጉልበት በታች እኩል ቦታ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ባያልፍም መሄዱ አይቀርም። እግሩ ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ይገድላል።

የጤነኛ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። የልጅዎ ግን እንደ ማጭድ እየቆለመመ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ይፈርሳል፣ ፍርስራሹም የደም ሥሩን እያስቆጣ ደሙን ለመርጋት ያመቻቸዋል። ቫይረሱ ሲጨመርበት፣ ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ ምግብ አልወርድ ማለቱ፣ በዚያ በድሬ ሙቀት አምስት ቀን አልጋ ላይ መዋሉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የመጣበት። በኮቪድ ጊዜ ሲክል ሴል የሌለባቸው ሰዎች እንኳ ሳንባቸው ውስጥ ደም ይረጋባቸው ነበር።

አስፒሪን ይቅር ያልኩት ዴንጊ ፕላትሌትን፣ ማለትም መድማትን የሚያቆሙትን የደም ሕዋሳት፣ ስለሚያወርድ ነው። አስፒሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማት ሊያመጡበት ይችላሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይስጡት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ቢሆን ፕላትሌቱ ሳይታይ አይጀመርም፤ ስለዚህ ለተረኛው ሐኪም ሲክል ሴሉንም ዴንጊውንም ይንገሩ፣ አደራ፣ አንዱ እንዳይረሳ። የእግሩን ደም ሥር በአልትራሳውንድ ያዩለታል።

ደረቱን ከወጋው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደም ካሳለ ተራ አይጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ወደፊትም ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ቤት አያቆዩት።

አስፋልት ድረስ በእግሩ እንዳይሄድ፣ ባጃጅ በር ላይ ያስመጡለት። ውጤቱን ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።