ያለጊዜዋ የተወለደች ሕፃን፦ ብርድ ልብስ ወይስ የእናት ደረት?

ጥያቄ፦ እህቴ በስምንተኛ ወሯ ወለደች። ልጅቷ 1.9 ኪሎ ናት፤ ትጠባለች፤ ከጤና ተቋም ወጥተው ቤት ገብተዋል። «ቀንም ሌሊትም ደረትሽ ላይ እቀፊያት» ተብላለች። ዘመድ ግን «ጠቅልላችሁ ለብቻዋ አስተኟት፣ እናትየውም ትረፍ» ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እቅፉ ይሻላል፣ ያውም በብዙ። ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ ከራሱ አይሰጥም። ይህች ሕፃን ደግሞ ከቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ትንሽ ነው። ስትቀዘቅዝ ሰውነቷ ለመሞቅ ሲል ስኳሯን ይጨርሳል፤ ስኳሩ ሲያንስ ትዝላለች፣ መጥባት ያቅታታል፣ የባሰ ትቀዘቅዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ከ2.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት የቆዳ ለቆዳ እቅፍ ይመክራል።

ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ትልበስ። በጡቶቹ መሀል ቀጥ ብላ፣ ደረቷ ከእናቷ ደረት ተገጥሞ፣ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ተከፍተውና ታጥፈው ትታቀፍ። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞሮ አገጯ በትንሹ ቀና ይበል። የማሰሪያው ጨርቅ ላይኛው ጫፍ ከጆሮዋ ሥር ይድረስ፤ የሚጠብቀው በደረቷ በኩል ነው፣ ሆዷ ለመተንፈስ ነፃ ይሁን። አደጋው ያለው ማሰሪያው ሲላላ ነው፦ ሕፃኗ ትንሸራተትና አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ የአየር መተላለፊያዋ ይታጠፋል። እህትዎ ብድግ ስትል ልጅቷ ዝቅ ካለች እንደገና ይታሰር። በልብስ ላይ ማቀፍም ብዙ ጥቅሙን ያሳጣል።

የእናትየው ድካም ግን እውነት ነው፤ ዘመድ የተጨነቀው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ አባትም እርስዎም እየተቀያየራችሁ እቀፏት። እህትዎ ስትተኛ ጀርባዋን በትራስ ከፍ አድርጋ ትንጋለል።

በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተቀስቅሳ ትጥባ። ቶሎ ከደከማት የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ኩባያ ይሰጣት፤ በጡጦ አይሁን።

ጸጥ ስትል ትንፋሿን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይድገሙት፤ ካልቀነሰ ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። መጥባት ካቆመች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ሲነኳት ብቻ ከተንቀሳቀሰች፣ ሙቀቷ ከ35.5 በታች ወይም 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነም እንዲሁ። መንገድ ላይም ከደረት አትውረድ።

እቅፉ የሚቆመው ራሷ ስትጠግበው ነው፦ 2.5 ኪሎ ገደማ ስትደርስ መወራጨትና እግሯን ከጨርቁ ማውጣት ትጀምራለች።