ባዶው ሰማይ በእርግጥ ባዶ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ልጄ በስልኩ አንድ የጠፈር ፎቶ አሳየኝ። ጄምስ ዌብ የሚሉት ቴሌስኮፕ ያነሳው ነው አለኝ። እጅ ዘርግተው የያዙት አንድ የአሸዋ ቅንጣት በሚሸፍነው ሰማይ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጋላክሲ፣ ማለትም የእልፍ ኮከቦች ስብስብ፣ አለ ይላል። እኔ አውድማ ስጠብቅ ስንት ሌሊት ያየሁት ሰማይ ነው፤ በኮከቦቹ መሀል ጨለማ እንጂ ሌላ የለም። ጎረቤቴ ደግሞ «ቀለሙን የቀባው ኮምፒውተር ነው» ይላል። ማንን ልመን?
(ከቢቸና)

መልስ፦ ልጅዎን ይመኑ። ጎረቤትዎም ግን ጨርሰው አልተሳሳቱም።

ዓይናችን ብርሃን አያጠራቅምም። የደረሰውን ወዲያው አይቶ ይለቀዋል። ካሜራ ግን ጠብ ጠብ ከምትል ምንጭ ሥር እንደተቀመጠ እንስራ ነው፤ ጊዜ ከሰጡት ይሞላል። ልጅዎ ያሳየዎት በሐምሌ 2014 (በፈረንጆቹ 2022) የወጣውን ፎቶ ከሆነ፣ ለማንሳት 12 ሰዓት ተኩል ፈጅቷል።

ነገሩን ያስጀመረው ግን ሃብል የሚባለው ሌላ የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። በታኅሣሥ 1988፣ በፈረንጆቹ 1995 መሆኑ ነው፣ የሃብልን ሥራ የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር ሮበርት ዊሊያምስ ቴሌስኮፑ 10 ተከታታይ ቀን ምንም ወደማይታይበት ሰማይ እንዲዞር አደረጉ። ሰው በወረፋ የሚጋፋበትን ቴሌስኮፕ! አንዳንድ ባልደረቦቻቸው «ከንቱ ድካም ነው» ብለዋቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልፈቅድም። ቦታው እኛ ዘንድ በስተሰሜን ዝቅ ብለው በሚታዩት ሰባት ኮከቦች አካባቢ ነው። ስፋቱ? ጨረቃን ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ 12 ያህሉን መደርደር ያስፈልጋል። ባዶውን የመረጡት ሆን ብለው ነው፤ የራሳችን ጋላክሲ ኮከቦችና አቧራ እንዳይጋርዷቸው። 342 ፎቶዎች ተደራርበው ሲታዩ 3,000 ገደማ ጋላክሲ ተገኘ።

ወደ ጎረቤትዎ ቀለም ልምጣ። ሕዋ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን መንገድ ላይ ይለጠጥና ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ይሆናል። ዌብ የሚሰበስበው ይህንኑ ነው። ባለሙያዎቹ አጠር ላለው ሞገድ ሰማያዊ፣ ረዘም ላለው ቀይ ይሰጡታል። ስለዚህ ቀለሙ የተሰጠ ነው፤ እንዳሻቸው የቀቡት ግን አይደለም። በጣም የቀላ ነጥብ ካዩ ወይ እጅግ ሩቅ ነው፣ ወይ በአቧራ የተሸፈነ።

ፎቶውን አጉልተው ደግመው ይዩት። ዙሪያቸውን ሹል ጨረር ያላቸው ጋላክሲ አይደሉም፤ የኛው ሰፈር ኮከቦች ናቸው። መሀል ላይ ነጣ ብለው የተሰበሰቡት ጋላክሲዎች ብርሃናቸው ከተነሳ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። በዙሪያቸው ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። እነዚያ ከኋላ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎች ናቸው፤ የፊተኞቹ ስበት ብርሃናቸውን አጉብጦ፣ አጉልቶም ያሳየናል። እኔን የሚገርሙኝ እነሱ ናቸው።

ያለ መሣሪያ አንድ ጋላክሲ ማየት ካማረዎት ደግሞ አንድሮሜዳ አለችልዎ። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ጨረቃ ሳትኖር፣ በስተሰሜን ከፍ ብላ ትገኛለች። ደብዘዝ ያለች ጭጋግ ቢጤ ናት፤ ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው፤ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ይህን ያህል ዓመት ይጓዛል ማለት ነው። ትኩር ብለው ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ ዓይንዎን ትንሽ ከጎኗ ያሳርፉ።