በቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስላ ጎንደር ውስጥ የት ነበር? ለተባለው የኔ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስላ ጎንደር ውስጥ የት ነበር? ከካሜሮን በፊትና በኋላስ ቆንስል የነበሩት እነማን ናቸው?» የሚል ነው። «ፋሲል ግቢ አጠገብ» ብለው የመለሱልሽ አሉ። ልክ አይደለም። ቆንስላው የነበረው ምጽዋ ነው። ጎንደር የነበረው ቆንስሉ ነው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ይመስላል እንጂ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

እኔም በአስጎብኚነት ስሠራ እንደነዚያ መላሾች ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ይዤ የፋሲል መዋኛ ሄድን። እሳቸው ግንቡን ትተው የቀሃን ወንዝ ይፈልጋሉ። «ፕላውደን የተወጋው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። «ፕላውደን ማነው?» አልኳቸው። ምንም አላሉኝም። ብቻ የዚያን ቀን ማታ አፈርኩና ማንበብ ጀመርኩ። የምነግርሽ ከዚያ ወዲህ ያጠራቀምኩትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ካለዚያ ከእንግሊዞቹ ደብዳቤዎች ጋር ይምታታብሻል።

የመጀመሪያው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። የመጣው በ1843 ነው፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ። አብሮት ጆን ቤል የሚባል ጓደኛው ነበር። ቤል ከናካቴው ሐበሻ ሆነ፤ አግብቶ ወለደ፣ በኋላም ከቴዎድሮስ ሊቀ መኳስነት (የንጉሡ የቅርብ ባለሟልነት) ተሾመ። ፕላውደን ግን ወደ አገሩ ተመልሶ መንግሥቱን አግባባና በ1848 ቆንስል ተብሎ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ያኔ አገሩን በእንደራሴነት ይገዙ ከነበሩት ከራስ ዓሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። የራስ ዓሊ ነገር ያስቀኛል። ውሉ ጉዳት የለውም፣ ግን ጥቅምም አይታየኝም፤ አገሩ እንዲህ ሆኖ የትኛው እንግሊዛዊ ነጋዴ ይመጣል ብለው ነው የፈረሙት። እውነታቸውን ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ አይሻል ጦርነት ላይ በካሣ ተሸነፉ። ውሉን የፈረመው ሰው ከነሥልጣኑ ሄደ፣ ቆንስሉ ቀረ።

ካሣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ፕላውደን ውሉን ይዞ ቀረበ። ይህን ነጥብ ልብ በይልኝ። ንጉሡ ወዳጅነቱን ተቀበለ፣ ቆንስላ ይከፈት የሚለውን ግን እንቢ አለ። በአባቶቼ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነው ብሎ። የፈለገው መልእክተኛ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ ወደሱ፣ ከሱም ወደ ንግሥቲቱ እንዲሄድ ነው። ንጉሥ ለንጉሥ። ቆንስል ማለት በዚያ ዘመን የነጋዴ ጉዳይ ጠባቂ ነው። የቆንስሉ መቀመጫ ምጽዋ ደግሞ በቱርክ እጅ ያለች ወደብ ናት፣ ቱርክ ደግሞ የቴዎድሮስ ጠላት ነው። በጠላትህ ደጅ የተቀመጠ ሰው ወዳጅህ ነው ቢሉህ እንዴት ትሰማዋለህ?

ያም ሆኖ ፕላውደንን ወደደው። ፕላውደን ምጽዋን ትቶ ዓመታት መሀል አገር ኖረ። ለንደን ይህን አልወደደችም፤ በመጨረሻ ወደ ሥራህ ቦታ ተመለስ ተባለ። በ1860 መጀመሪያ ከጎንደር ወጥቶ ገና ቀሃ አካባቢ ሳለ የንጉሡ ዘመድና ሽፍታ የነበረው ጋረድ ያዘው፣ በጦርም ተወጋ። በገንዘብ ተዋጅቶ ጎንደር ገባ፣ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በመጋቢት ሞተ። እኚያ አዛውንት የጠየቁኝ ይህን ነበር። በዚያው ዓመት ቤልም ንጉሡን ከሞት ሊያድን ሲል ወደቀ። ቴዎድሮስ ደማቸውን ተበቀለ፤ ሲበቀል ደግሞ እንደምታውቂው ልክ የለውም፣ የተማረከውን ሁሉ ፈጀ። ቪክቶሪያ ለፕላውደን ስላደረገው ደግነት ማስታወሻ ይሁንህ ብላ ስሙን ያስቀረጸችበት ጠመንጃና ጥንድ ሽጉጥ ላከችለት። ሽጉጦቹን ያዢልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ስጦታውን ይዞ የመጣው ሁለተኛው ቆንስል ካፒቴን ቻርለስ ዳንከን ካሜሮን ነው። ወታደር የነበረ፣ ከዚያ በፊት ጥቁር ባሕር ዳር ፖቲ በምክትል ቆንስልነት የሠራ። በ1862 መጣ፣ በጥቅምት ከቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ። ንጉሡ ያን ታዋቂ ደብዳቤ ለቪክቶሪያ የጻፈው ያኔ ነው። ቱርኮች የአባቶቼን አገር አልለቅ አሉኝ፣ መልእክተኛ ልልክልሽ ነውና መንገዱን አመቻቺልኝ የሚል ነው። ካሜሮን በእጁ ያደርሳል ብሎ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን ወደ ምጽዋ በመልእክተኛ ላከና ራሱ በቦጎስ (በዛሬዋ ኤርትራ) በኩል ወደ ከሰላ (በዛሬዋ ሱዳን) ሄደ። ከሰላ ማለት ግብፅና ቱርክ ናቸው! ሰውዬው ስለ ጥጥና ስለ ባሪያ ንግድ ሊያጣራ ነው የሄደው፣ ነገር ግን ይህን ለቴዎድሮስ ማን ያስረዳዋል?

ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰ። መልስ የጻፈለት የለም። ይባስ ብሎ በዓመቱ መጨረሻ ለካሜሮን ከውጭ ጉዳይ ደብዳቤ መጣ። ለንጉሡ መልስ የለበትም፤ ይልቁንስ ካሜሮን በማያገባህ አትግባ፣ ምጽዋ ተመለስ ይላል። በጥር 1864 ቆንስሉ በሰንሰለት ታሰረ። የፈረንሳዩ ቆንስል ለዣንም ከዚያ በፊት ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተባሯል። ካሜሮን ከእስር ቤት ባወጣት ቁራጭ ወረቀት ለንጉሡ መልስ ካልተላከ እኔ አልፈታም ብሎ ጻፈ። እኔን ብትጠይቂኝ ከነዚህ ሁሉ ዲፕሎማቶች ነገሩ በደንብ የገባው በእግር ብረት ያለው ሰው ብቻ ነበር።

ሆርሙዝድ ራሳምን በቆንስሎች ዝርዝር ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። አታስገቢው፤ መልእክተኛ ነው። የሞሱል ተወላጅ፣ ኤደን ላይ ለእንግሊዞች የሚሠራ ሰው ነበር። ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆይቶ በጥር 1866 የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ገባ። እስረኞቹ ተፈቱለት፣ በሚያዝያ ግን ራሱም ተያዘ፣ ሁሉም መቅደላ ወጡ። ቀሪውን ታውቂዋለሽ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (ይቺን በኛ ልጻፋት) ቴዎድሮስ ራሱን ገደለ። የተጠቀመበት ሽጉጥ ከነዚያ ከጥንዶቹ አንዱ ነበር።

ካሜሮን ተፈታ፣ በ1870 ጄኔቭ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል መልእክተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሂዊት በ1884 አድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተዋዋለው እንዲሁ ነው። ቋሚ ሰው የተቀመጠው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። ሮድ በ1897 ከምኒልክ ጋር ተፈራረመ፣ በማግስቱ ዓመት ሃሪንግተን አዲስ አበባ ተሾመ። በሱ ቦታ በ1909 ቴሲጀር ገባ፤ ልጁ፣ በኋላ የበረሃ ተጓዥ የሆነው፣ እዚያው አዲስ አበባ ሌጋሲዮኑ (የእንግሊዝ መልእክተኛው መቀመጫ) ግቢ በ1910 ተወለደ። ከነዚህ ወዲህ ያለው የሚኒስትር ማዕረግ ያላቸው መልእክተኞች ታሪክ ስለሆነ አልገባበትም።

አንድ ግን ልጨምርልሽ፣ እዚህ ቡድን ውስጥ ማንም ስለማያነሳው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ክፍለ ሀገርም ቆንስል ነበራቸው፣ ለምሳሌ ሐረርና ማጂ። የኔ ተወዳጅ የዳንግላው ቺስማን ነው። ከ1925 እስከ 1934 ቆየ። ዳንግላ ያን ያህል የእንግሊዝ ነጋዴ የለ! ሰውዬው የተቀመጠው ለጣናና ለዓባይ ነው። እንግሊዝ ለሱዳንና ለግብፅ ስትል ጣና ላይ ግድብ ትፈልግ ነበር። እሱ በበቅሎና በእግር ዞሮ የዓባይን ሸለቆና ጣናን በካርታ አነሳ። በ1940 ጣሊያንን ለማስወጣት ሲዘጋጁ ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን መረጃ ክፍል እንዲመራ የተጠራው ያው ቺስማን ነው፤ አገሩን በእግሩ ለክቶታላ።

ለጥናትሽ እንግዲህ «ጎንደር የነበረው ቆንስላ» የሚለውን ሰርዢና «ጎንደር ይኖር የነበረው የምጽዋ ቆንስል» በይው። ካሜሮንንም ከነጋዴ ወገን አታድርጊው፣ ካፒቴን ነው። የቀሃውን ቦታ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በእግር የሚኬድ ነው።