ውጤቱ «የታወቀ» የሚባል ምርጫ ክልል እንዴት ይገመታል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥያቄ፦ መምህር፣ የቀን ሠራተኛና የጉልት ነጋዴ በሚበዛበት የከተማ ምርጫ ክልል ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው ይባላል። መገመቱ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ። በ1997 የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በ2002 የያኔው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ ከነዚያው 22ቱን ያዘ። መርካቶ ያው መርካቶ ነው፤ የተለወጠው ቅንጅት መበተኑና በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሌሎች ስሞች መቅረባቸው ነው። ያለፈውን ውጤት ከመጥቀሳችሁ በፊት ያኔ እነማን ይወዳደሩ እንደነበር አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዘንድሮ ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ የት? በእነማን መካከል? ይህ ሳይገለጽ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ከሻይ ቤት ወሬ መገመት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም፤ የሚያወራ ሁሉ የመራጭነት ካርድ አላወጣምና። ደጋግሜ የምናገረው ይህንኑ ነው። ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር እንዲኖር ይጠይቃል፤ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ወይም አራዳ ተከራይቶ የሚኖር፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሠፈር የሚቀይር ሠራተኛ ግን ይህን ለማሟላት ይቸገራል። ቢመዘገብም የ2013 ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 እንደነበር አስታውሱ፤ በእርሻ ወቅት ለቀን ሥራ መተማ የወረደ ሰው ካርዱን በኪሱ ይዞ ድምፁ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተመዘገበውን፣ ቀጥሎ በዕለቱ የሚመጣውን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማንን እንደሚመርጥ ገምቱ። የዚህን ሠራተኛ ድምፅ ማንም ሳይጠይቀው እንደታወቀ መቁጠር እጅግ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ ጠያቂ፦ በ2013 ገዢው ፓርቲ ብልጽግና ከ436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 410ሩን ካገኘ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይጨምራል?

ሦስተኛ ጠያቂ፦ ተፎካካሪ ፓርቲዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ማግኘታቸውን ለምን ይዘላሉ? እነዚያም ምርጫ ክልሎች ናቸው።

ሁለተኛ ጠያቂ፦ 9 መቀመጫ የአገሪቱን ውጤት አይለውጥም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የአገር ድምር ይዛችሁ ስለ አንድ ምርጫ ክልል ትከራከራላችሁ። በእኛ ሥርዓት ከተወዳዳሪዎች ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። ተቃዋሚዎች ድምፁን ለሦስት ከተከፋፈሉት መቀመጫው ከ40 በመቶ በታች ባገኘ ሰው ሊያዝ ይችላል። አስተማማኝነቱን የምትለኩት በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ውጤት ይለውጣል?

መልስ፦ የትኛውን ወገን እንደሚያስቀር ካላወቃችሁ ተዉት።

ጥያቄ፦ እሺ መምህር፣ በአጭሩ ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ ይህ ተጠይቆ ተመልሷል። የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝርና በየምርጫ ጣቢያው የተመዘገበውን ሕዝብ ቁጥር ይዘው ይምጡ፤ አብረን ተቀምጠን እናሰላዋለን።