የሞተርሳይክል አምፕሊፋየር ጌይን እስከ የት ይከፈታል?

ጥያቄ፦ ሞተርሳይክሌ ላይ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከሮች አስገጥሜያለሁ። አምፕሊፋየሩ በ4 ኦም ለእያንዳንዱ ቻናል 75 ዋት እንደሚሰጥ ተጽፎበታል። የገጠመልኝ ባለሙያ «ጉልበቱ በሙሉ ይውጣ» ብሎ ጌይኑን እስከ መጨረሻው አዞረው። ቀስ ብዬ ስነዳ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ፍጥነት ጨምሬ ንፋሱ ሲበረታና ድምፁን ከፍ ሳደርገው ግን ይቀደዳል። በቅርቡ ደግሞ አንደኛው ስፒከር ጭራሹን ዝም አለ። ሌላ ሰው ጌይን ሁልጊዜ መሃል ላይ መሆን አለበት ይለኛል። ትክክለኛው የቱ ነው? ራሴስ ላስተካክለው እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ምክሮች አያስኬዱም፤ ሁለቱም የሚነሡት ጌይንን እንደ ድምፅ መጨመሪያ ከማየት ነው። የጌይን ሥራ ከማጫወቻው የሚመጣውን ቮልቴጅ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ጋር ማጣጣም ነው። አምፕሊፋየሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል የሚወሰነው በራሱ አሠራርና ከባትሪው በሚያገኘው ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ጌይኑን እስከ ጫፍ ማዞር አንዲት ንጹሕ ዋት እንኳ አይጨምርለትም። የአምፕሊፋየርዎ የጌይን ልክ ከ0.2 እስከ 6 ቮልት፣ ማጫወቻዎ የሚያወጣው ደግሞ 4 ቮልት ነው እንበል። ጌይኑ እስከ መጨረሻው ዞሮ 0.2 ላይ ከቆመ፣ አምፕሊፋየሩ ከማጫወቻው ሲግናል ገና ከሃያ አንዱን እጅ ሲያገኝ አቅሙን ይጨርሳል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ሁሉ ድምፁን ያዛባዋል። የማዞሪያው መሃል ላይ መቆምም ምንም አይነግረንም፤ አንዱ ማጫወቻ 2 ቮልት ሌላው 4 ቮልት ስለሚያወጣ፣ ለአንዱ የተስማማው ቦታ ለሌላው ይበዛበታል።

አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁ ሞገድ አናትና ግርጌው ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ባለሙያዎች ክሊፒንግ የሚሉት ይህንን ነው። ሞገዱ አራት ማዕዘን እስኪመስል ድረስ ከተቆረጠ፣ ቁመቱ እኩል ከሆነ ንጹሕ ሞገድ ይልቅ እጥፍ ኃይል ይሸከማል። ስለዚህ የእርስዎ 75 ዋት አምፕሊፋየር ስፒከሩ ላይ ወደ 150 ዋት የሚጠጋ ጫና ሊያሳድር ይችላል፤ ያ ሁሉ ኃይል በአብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥም በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። ዝም ያለው ስፒከርዎ የደረሰበት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም፤ ተራ ማልቲሜትርና ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃሉ። በመጀመሪያ የሚፈለገውን ቮልቴጅ ያስሉ፦ ዋቱን በኦሙ አባዝተው የብዜቱን ካሬ ሥር ይውሰዱ። 75 በ4 ሲባዛ 300 ነው፤ ካሬ ሥሩ 17.3 ቮልት ገደማ ይሆናል። እኔ ግን ለሞተርሳይክል 15.5 ቮልት ላይ መቆምን እመርጣለሁ። አምራቾች ብዙ ጊዜ ዋቱን የሚለኩት በ14.4 ቮልት ነው፤ የሞተርሳይክል ጄኔሬተር ግን አቅሙ ውስን ነው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ጣሪያም አብሮ ሊወርድ ይችላል። 15.5 ቮልት ማለት 60 ዋት ያህል ነው። በወረቀት ላይ 15 ዋት የጠፋ ቢመስልም ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል አይበልጥምና ጆሮ አይለየውም።

ከዚያ የስፒከሮቹን ገመዶች ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ፤ ጫፎቻቸውም እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። ኢኳላይዘሩን በሁሉም በኩል ዜሮ ላይ ያድርጉት፣ ቤዝ የሚያጎሉትን ቤዝ ቡስትንና ላውድነስን ያጥፉ፣ ጌይኑን እስከ ታች ይመልሱት። ሞተሩን የሚያስነሡ ከሆነ ደጅ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል። በሙሉ ከፍታ፣ ማለትም በ0 ዴሲቤል የተቀዳ ወጥ የሙከራ ድምፅ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ብዙዎች 1000 ሄርዝ ይጠቀማሉ፤ ርካሽ ማልቲሜትሮች ግን ከ400 ሄርዝ በላይ ያለውን ተለዋጭ ቮልቴጅ በትክክል ላይለኩ ስለሚችሉ 400 ሄርዝ ቢሆን ይሻላል። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው፣ የማጫወቻውን ደግሞ እስከ ሦስት አራተኛው ከፍ ያድርጉ፤ መጨረሻው 40 ከሆነ 30 ላይ ማለት ነው። ማልቲሜትሩን ተለዋጭ ቮልቴጅ ላይ አድርገው ሁለቱን ዘንጎች በአንዱ ቻናል መውጫ ላይ ያሳርፉና ጌይኑን በዝግታ እያዞሩ 15.5 ሲያነቡ ያቁሙ። ከዚህ በኋላ ማጫወቻውን ከ30 በላይ አለማሳለፍ የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ቤዝ ቡስቱን መልሰው ካበሩት ደግሞ ልኬቱ በሙሉ ይፈርሳል።

ማልቲሜትር ከሌለ በጆሮም ይሠራል፤ አንድ ድምፃዊ ብቻውን የሚሰማበት የጠራ ቅጂ ያጫውቱና፣ ድምፁ መሻከር የሚጀምርበትን ነጥብ ሲያገኙ ጌይኑን ከዚያ በደንብ መልሱት። ጆሮ መዛባትን የሚያውቀው ዘግይቶ ስለሆነ ይህን እንደ ሁለተኛ አማራጭ ይያዙት። ጌይኑ እስከ ታች ወርዶም ድምፁ የሚቀደድ ከሆነ፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ወይም ከማጫወቻው ነው፤ ተበላሽቶ የመጣን ሲግናል የትኛውም ጌይን አያቃናውም።

ንፋሱን በተመለከተ፣ በፈጣን መንገድ ላይ በሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የንፋስ ጩኸት ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው ትርፍ ግን 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ንፋስን በጌይን ማሸነፍ አይሞከርም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ማጣሪያውን ነው። ስፒከር ድምፁን አንድ ኦክታቭ አወፍሮ፣ ማለትም ሄርዙን በግማሽ ቀንሶ፣ በዚያው ከፍታ ለማሰማት አራት እጥፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መርገብገብ አለበት፤ ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ ይህን አይችሉም። የንፋሱ ጩኸት በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ፣ ያ የተደከመለት ቤዝ በመንገድ ላይ አይሰማም። ወፍራም ድምፆችን የሚያስቀረውን የአምፕሊፋየርዎን ሃይፓስ ማጣሪያ ወደ 100 ሄርዝ ቢያደርጉት ስፒከሮቹ ያርፋሉ፣ የሰው ድምፅም ጎልቶ ይወጣል። አዲስ ስፒከር ሲገዙም ከዋቱ ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚያሳየውን ቁጥር ይዩ፦ 92 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር 89 ከሆነው ጋር እኩል ለመጮኽ ግማሽ ኃይል ይበቃዋል።

ዝም ያለውን ስፒከር ከመጣልዎ በፊት ገመዱን ነቅለው ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው ይለኩት። ባለ 4 ኦም ስፒከር ጤነኛ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷል፤ ትክክለኛውን ካነበበ ግን ችግሩ ገመዱ ወይም የአምፕሊፋየሩ ቻናል ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን ስፒከሮች አቀያይረው ዝምታው ከስፒከሩ ጋር ይሄድ እንደሆነ ይመልከቱ።