ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን በአንድ ቀን ለማየት፦ መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ

እህታችን፣ ጥያቄሽ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ልጆች ይዘን፣ ያለ መኪና ከለንደን ወጥተን ጥንታዊ የገበያ ከተማ አይተን ማታ መመለስ እንችላለን?» የሚል ነው። ደርሶ መልሱ ይቻላል፤ እሑዱን ግን ተዉት። እነዚህ ከተሞች ዛሬም የታወቀ የገበያ ቀን አላቸው፤ በሌላው ቀን አደባባዩ ባዶ ነው፣ ወይም መኪና ይቆምበታል። እሑድ ደግሞ ከ280 ካሬ ሜትር የሚሰፉ ሱቆች በሕግ በቀኑ በድምሩ ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚከፍቱት። የሐዲድ ጥገናም እሑድ ይበዛል፤ በባቡሩ ፈንታ አውቶቡስ ይመደብና መንገዱ ይረዝምባችኋል።

የምመክራችሁ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ ያለችውን ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን ነው። ገበያዋ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ሰፊው የቅዳሜው ነው። ሰዓቱን ሁሉ በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በባቡር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለንደን ካለው ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ተነስቶ ስቶማርኬት ወይም ኢፕስዊች ላይ መቀየር ነው፤ ሌላው ከኪንግስ ክሮስ ካምብሪጅ፣ ከዚያ ቤሪ። በሁለቱም ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰው የሚቸገረው መቀየሪያው ላይ ነው፤ ከካምብሪጅ የሚነሳው ባቡር በሰዓት አንዴ ገደማ ስለሆነ ካመለጣችሁ ልጆች ይዛችሁ ሙሉ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ በሁለቱ ባቡሮች መካከል ቢያንስ 15 ደቂቃ ያለበትን ጉዞ ምረጡ። ትኬቱ ላይ የተጻፈውንም መስመር አንብቡ፤ በአንድ ኩባንያ ባቡር ብቻ የተወሰነ ትኬት በሌላው አያስኬድም። ፋሚሊ ኤንድ ፍሬንድስ ሬይልካርድ የሚባለውን የባቡር ቅናሽ ካርድ ብታወጡ ከአዋቂው ዋጋ አንድ ሦስተኛ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ካለው ልጅ ደግሞ 60 በመቶ ይቀንስላችኋል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ነው።

ከጣቢያው ኖርዝጌት ስትሪትን ይዛችሁ ቀጥ ብትሉ በ15 ደቂቃ ገደማ ኤንጀል ሂል የሚባለው ሰፊ አደባባይ ላይ ትወጣላችሁ። ገበያው ከዚያ ሽቅብ፣ ኮርንሂልና ባተርማርኬት ላይ ነው። መጀመሪያ ዞር ዞር ብላችሁ ዋጋ ብቻ እዩ፤ ከባዱን ዕቃ ቀኑን ሙሉ አትሸከሙ። ለመግዛት ግን ከ3 ሰዓት በፊት ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴው ማንሳት ይጀምራል። ሊዘጋ ሲል ዋጋ የሚቀንስ አለ፣ ነገር ግን ጥሩ ጥሩው ያኔ አልቋል። ፍራፍሬውን በሳህን ደርድረው የሚሸጡ አሉ፤ ራሳችሁ አታንሱ፣ «የሥሩን አሳየኝ» ማለት ግን ነውር የለውም። የበሰለው ከላይ፣ የተመታው ከሥር ሊሆን ይችላል። በሚዛን ከሆነ ደግሞ የዋጋ ካርዱ ላይ ዋጋው በኪሎ ይሁን በፓውንድ፣ ማለትም በ454 ግራም፣ ለዩ፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ በፓውንድ የተጻፈው ነው። ጥቂት ሳንቲምም ያዙ።

ዛሬ ፍርስራሹ የቀረውን የከተማዋን ጥንታዊ ገዳም (አቢ ይሉታል) ከገበያው ነጥላችሁ አትዩት። የምሥራቅ አንግሊያው ንጉሥ ኤድመንድ በ869 በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ ተገደለ፤ ዐፅሙ እዚህ ስላረፈ ቦታው ትልቅ የተሳላሚዎች መዳረሻ ሆነ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አባ ምኔቱ ባልድዊን ከተማውን በቀጥታ መንገዶች አስለካው። ቸርችጌት ስትሪት ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ፤ መንገዱ በቀጥታ ኖርማን ታወር ወደሚባለው ማማ፣ ከዚያም ወደ ቀድሞው የገዳሙ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያመራል። የገበያውን ቀረጥ የሚሰበስበው ገዳሙ ስለነበር ሕዝቡ በ1327 አመፀና በሩን አፈረሰ። ዛሬ ኤንጀል ሂል ላይ የምታዩት ግዙፍ የድንጋይ በር ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው፤ ስትገቡ ቀና ብላችሁ ውፍረቱን እዩ።

ውስጥ ያለው የአቢ መናፈሻ በነፃ ነው፤ የልጆች መጫወቻም አለው። ፍርስራሹ ሸካራ ክምር የሆነው ገዳሙ በ1539 ከተዘጋ በኋላ ሰው የተጠረበውን ድንጋይ ገፎ ለቤት መሥሪያ ስለወሰደው ነው፤ የቀረው የግድግዳው ሆድ፣ ባልጩትና ኖራ ነው። ስለታም ስለሆነ ልጆች እንዳይወጡበት። ከዚያ በደቡብ በኩል ወደ ካቴድራሉ ዙሩ፤ ከምዕራቡ የፍርስራሽ ግንብ ውስጥ የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ታገኛላችሁ። የጥንቱ ቅስት ዛሬ ሰው የሚኖርበትን መስኮት አቅፎ ይታያል። እዚያ ሳትቸኩሉ ቁሙ፤ ከከተማው ሁሉ እኔ የማስበልጠው እሱን ነው። የካቴድራሉ መግቢያ ነፃ ነው፣ መዋጮ ግን ይጠበቃል፤ ማማው የተጠናቀቀው ገና በ2005 ነው።

ጊዜ ከተረፈ ኮርንሂል ላይ ሞይሰስ ሆል ሙዚየም አለ፤ ሕንፃው የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ መግቢያው ይከፈላል። ለትንንሽ ልጆች የሚከብዱ የግድያና የስቅላት ታሪኮች ስላሉበት አስቀድማችሁ አስቡበት።

ቅዳሜ ካልተመቻችሁና ረቡዕ ከሄዳችሁ ጾም ነው። ድንች ጥብስ ከመግዛታችሁ በፊት በምን እንደሚጠበስ ጠይቁ፤ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። ረቡዕ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ቅናሹ ትኬት ስለማይሠራ ቀደም ብሎ የመውጣት ሐሳብ ካላችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ እዩ። ማታም የመጨረሻውን ባቡር አትጠብቁ፤ ከእሱ በፊት ባለው ተመለሱ፣ መቀየሪያው ላይ ቢያመልጣችሁ ሌላ ይኖራችኋል።